የሻለቃው ሁለት ዕቅዶች

እዚህ ስደት አገር፣ እኛ ዘንድ፣ ከማኪኒ ከተማ እስከ ፎርት ወርዝ፣ መርዶ ያለ ሻለቃ ፀጋዬ አይነገርም። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሟች ዘመድ አይደለም፤ ለእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ በማዘን ጊዜ አያባክኑም። ባለመርዶው የት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ደም ግፊት እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ከጎረቤት ማን እንደሚቀርበው ይጠይቃሉ። ከዚያ ማን እንደሚያንኳኳ፣ ማን ስልኩን ቀድሞ እንደሚሰውር፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። ተደርድሮ የቆመ መኪና ያየ ሐበሻ በሩ ሳይንኳኳ ይገባዋልና አንዱን መኪና ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ፣ ሌላውን ከሚቀጥለው ሕንፃ ሥር ያስቆማሉ። ሰው ሲያደንቃቸው «የዘመቻ መኮንን ነበሩ እኮ» ይላል። እኔም አደንቃቸው ነበር። አሁን ስማቸውን ስሰማ አንጀቴ ያርራል፤ ግን ስናደድም እንኳን አንቱ ማለቴን መተው አልቻልኩም።

እናቴ አስካለማርያም ትባላለች። ሌዊስቪል አንድ አፓርታማ ውስጥ ሁለታችን እንኖራለን። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ትሄዳለች። አባቴ ግዛቸው የአየር ወለድ መኮንን ነበር። በደርግ መጨረሻ፣ እኔ ገና በሆዷ ሳለሁ፣ ለግዳጅ ወጣና አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም። ስላልተነገራት አላለቀሰችም፤ ጥቁር አልለበሰችም፤ ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። ሌላ ባልም አላገባችም። በየወሩ የገብርኤል ዕለት ወልደ ገብርኤል የሚለውን የክርስትና ስሙን ለቄሱ ትሰጣለች፣ በሕይወት ካሉት ጋር። ቄሱም ከታመሙትና ከመንገደኞቹ ጋር ይጠሩታል። ሻለቃ ፀጋዬ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከፊት ቆመው «አሜን» ይላሉ። ስንት ዓመት ሙሉ አሜን ሲሉ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ አገኘች። ሰውዬው፣ ድንበር ማዶ እስር ቤት ውስጥ የተረሱ የድሮ ወታደሮች አሉ ይላል። በቪዲዮው ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ይታያል። እናቴ ደጋግማ አየችውና «ትከሻው የግዛቸው ነው» አለች። ትኬት አስቆረጠች፤ ለገና ማግስት። እስከ ድንበሩ ሄጄ ራሴ እጠይቃለሁ አለች።

«እማዬ፣ ዲያሊሲስሽስ? እዚያ ድንበር ላይ ማሽን የለም። ዶክተሩ ያለ ማሽን የምትቆዪው ኦልሞስት አንድ ሳምንት ነው ብሏል።»

«እንግዲያው ሳልጠይቅ ልሙት?»

የተማጸንኩት ሁሉ ውጤት አልነበረውም። ለሞተ ሰው ስትል ልትሞትብኝ ነበር፤ መሞቱን ግን እርግጠኛ ሆኜ የምነግራት ነገር አልነበረኝም።

ማረጋገጫውን ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። አቶ አባተ የሚባሉ፣ ልጃቸው አስመጥቷቸው በቅርብ ከአገር ቤት የገቡ ሰው አሉ፤ ኤርፖርት ጋሪ ይሰበስባሉ። ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው «እናትሽ የምታስጠራው ወልደ ገብርኤል ማነው?» አሉኝ። አባቴ መሆኑን፣ ስሙንና አየር ወለድ እንደነበረ ነገርኳቸው።

«መቶ አለቃ ግዛቸው? ፍንጭቱ?»

የአባቴን ፍንጭት የማውቀው ከፎቶ ነው። አዎ አልኳቸው። አቶ አባተ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ።

«ታዲያ ሻለቃ ሳይነግሯችሁ ቀርተው ነው? ዕቅዱን ያወጡት እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

እንደነገሩኝ፣ አንዲት ደሴት ላይ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ሊወርዱ ነበር የሄዱት። አባቴ በፊተኛው አውሮፕላን፣ አቶ አባተ በመጨረሻው። በሩ ተከፍቶ ተራቸውን ሲጠብቁ ወደ ታች አዩ። ጃንጥላዎቹ ባሕር ላይ ተንሳፍፈዋል፤ ከሥራቸው የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። እነሱ ሳይዘሉ ተመለሱ። «እኔ ቤተሰቡ ተረድቶ፣ ተዝካሩም ወጥቶ ያለቀ ነገር መስሎኝ» አሉ አቶ አባተ፣ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሪቻርድሰን ሻለቃ ቤት ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። ሻይ ቀዱልኝ። ስኳር ሳልጨምር፣ ከአቶ አባተ የሰማሁትን ዘረገፍኩላቸው። ይክዳሉ ብዬ ነበር፤ አልካዱም። የዳቦውን ሳህን ገልብጠው ጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጡ።

«ደሴቷ ይህቺ ናት» አሉ።

በዝርዝር ያስረዱኝ ጀመር። ያሳዝኑኛል ብዬ ስጠብቅ ትምህርት ይሰጡኛል። ማንኪያዎቹን በሳህኑ አንድ ጎን ደረደሩ፤ የጠላት መድፎች ናቸው፤ ሁሉም ወደ ወደቡ የዞሩ። በመርከብ የሚመጣ ሁሉ ይመታል፤ ሰማዩን ግን የሚጠብቅ የለም። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ አነሱና በሌላው ጎን አፈሰሱት፣ በመዳፋቸውም ደለደሉት።

«ይህ ሜዳ ነው። ነጭ፣ ደልዳላ። ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው። በጃንጥላ ለሚወርድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ፎቶውን ከአውሮፕላን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ነው የተነሳው፣ ጥርት ያለ ፎቶ።»

ድምፃቸው እየጠነከረ ሄደ። የነፋሱን አቅጣጫ አጥንተዋል። የእያንዳንዱን ሰው ሸክም መዝነዋል። አንደኛው ቡድን ሜዳውን ይይዛል፣ ሁለተኛው በመድፎቹ ጀርባ ይዞራል፣ ሦስተኛው ተጠባባቂ ነው። ደሴቷ የሚጠጣ ውሃ የላትም ተብሎ ለእያንዳንዱ ወታደር ትርፍ ኮዳ ውሃ ተሰጥቷል።

«ውሃ?» አልኳቸው።

«ጥማት እንዳይገድላቸው ብለን» አሉ። «ሁሉን አስበን ነበር። የዘለሉት ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ እንደሚመጣ ግን አላሰብኩም።»

«ይመጣል ማለት?»

«ባሕር ይሸሻል፣ ይመለሳል። በየቀኑ። ጠዋት ሜዳ የነበረው ከሰዓት ባሕር ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ አዛዡ የጎጃም፤ ፎቶውን ያነበበው የባሌ። ከወንዝ በቀር ማናችንም አናውቅም። የባሕር ኃይል ሰዎች አጠገባችን ነበሩ፤ ምስጢር ይወጣል ብለን አልጠየቅናቸውም። ውሃው ከደረት የሚያልፍ አይመስለኝም። ግን ያ ሁሉ ሸክም፣ ያ ነፋስ፣ ጃንጥላው እየጎተተ... ዋና የሚችልም አልነበረም። እኔ ሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ። የመጀመሪያው ድምፅ ‹ውሃ ነው› ነበር ያለው። ሁለተኛም ‹ውሃ ነው›። ከዚያ ዝም።»

ሻዬን አንስቼ ስኳሩ ላይ አፈሰስኩት። ነጩ ሜዳ እያየነው ቀለጠ፤ ሻዩ ጠረጴዛውን አልፎ ሱሪያቸው ላይ ተንጠባጠበ።

«እንዲህ?» አልኳቸው።

«እንዲህ» አሉ። ሱሪያቸውን አልጠረጉም።

በማግስቱ የተነሳውን ፎቶ አይተዋል፤ የተረፈ ሰው የለም። ለቤተሰብ እንዳይነገር ትእዛዝ ወጣ፤ የመንግሥት ሬዲዮ ድል እያወራ ነበርና። ትእዛዙን ያወጣው መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። እሳቸውም እስር ቤት ገቡ፣ ተፈቱ፣ በስደት እዚህ መጡ። አንድ የገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆመው እናቴ ስሙን ለቄሱ ስትሰጥ ሰሙ፤ ማን እንደሆነም ጠይቀው ደረሱበት።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሯትም? የዓለሙን መርዶ እርስዎ እያረዱ?»

«መርዶ ላኪ ይፈልጋል፣ ልጄ። እኔ ሰው ሲልከኝ ነው የማረዳው። ይህንን የሚልከኝ መንግሥት ነበር፤ እሱ የለም። በራሴ ሄጄ ምን ልበላት? ባልሽን የገደለው የኔ ዕቅድ ነው ልበላት?»

«አዎ። እሱን ነው የሚሉት።»

«ፈራሁ» አሉ።

ብጮህባቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ጊዜ ግን አልነበረኝም። የትኬቱ ቀን እየደረሰ ነው። «እኔ ላክሁዎት» አልኳቸው። «ከእኔ በላይ ላኪ ከየት ይመጣል? ሶ፣ እንደ ሰው ሁሉ በወጉ ይንገሯት።»

ያን ጊዜ ሰውዬው ከሞት ተነሱ። ሌላ ቃል የለኝም። ቀና አሉ፤ ስኳር የተጣበቀበትን ጠረጴዛ በሶፍት ጠርገው የመኪና ቁልፋቸውንና የጨው ዕቃውን አመጡ። የጨው ዕቃው የእኛ ሕንፃ ሆነ። ማክሰኞ ዲያሊሲስ እንዳላት ሲሰሙ «እንግዲያው ረቡዕ ማለዳ፤ ሰውነቷ ቀለል በሚላት ቀን» አሉ። የደም ግፊት መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ ይሁን አሉ። ፎቅ ላይ የምትኖረው ብርሃኔ ጨው ፈላጊ መስላ ቀድማ ትገባለች፤ እናቴ አገር ቤት እየደወለች እንዳታጣራና እንዳትደናገጥ ስልኳን ትሰውራለች። ከዚያ እሳቸው፣ ቄሱና አቶ አባተ ይገባሉ።

«እኔስ የት ነኝ?»

«አንቺ እንደ ሁልጊዜው ሥራ የሄድሽ መስለሽ ትወጪያለሽ። መኪናሽን ከቆሻሻ መጣያው ኋላ ፓርክ አድርገሽ ስልክሽን ዘግተሽ ትጠብቂያለሽ። እናትሽ ፊትሽን ካየች እኛ ሳንናገር ታውቀዋለች። ከተነገራት በኋላ መጋረጃውን እከፍታለሁ፤ ያኔ ትገቢያለሽ።» ቁልፉን ከጨው ዕቃው ኋላ አስቀመጡት። «ተጠባባቂ።»

«ማለቴ፣ እኔ አጠገቧ ብሆን አይሻልም?»

«ስንቱን አርድቻለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ኦኬ አልኩ።

እኔ ሪቻርድሰን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ረዳት ነኝ። ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሀይዌዩ ላይ ቀስ በይ» ትለኛለች፤ ስደርስ እደውልላታለሁ፤ እስክደውል ቁርስ አትቀምስም። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። «ቀስ በይ» አለችኝ፣ እሺ አልኳት፣ ግንባሬን ሳመችኝ። ወርጄ መኪናዬን ከቆሻሻ መጣያው ኋላ አቆምኩና ስልኬን ዘጋሁ።

የሻለቃ መኪና መጣ። ቄሱ መጡ። ከአቶ አባተ ጋር ደረጃውን ሲወጡ አየኋቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እናቴ ጮኸች።

እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ከሆዷ ነው የወጣው። መሪውን ይዤ አለቀስኩ፤ ግን ውስጤ እፎይ አለ። ይኸው፣ ዕድሜ ልክ አምቃ የያዘችው ወጣላት፣ አለቀሰችለት አልኩ። አባቴ ሰው ሆነ፤ የሚለቀስለት ሰው ሆነ አልኩ። መጋረጃው ይከፈታል ብዬ ቀና ብዬ ጠበቅሁ። አልተከፈተም። እናቴ ደግማ ጮኸች።

ላይ የሆነውን ብርሃኔ ናት የነገረችኝ።

ዕቅዱ እስከ በሩ ድረስ ዝንፍ ሳይል ሄዷል። ብርሃኔ ስልኩን አንስታ ኪሷ ከታለች። ሻለቃ አንኳኩ። እናቴ ከፈተች። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሻለቃን፣ አቶ አባተን፣ ቄሱን። ከቄሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ፈለገች። በዚህች ከተማ ሻለቃ ፀጋዬ ማለዳ ቄስ አስከትለው በር ሲያንኳኩ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከቤቱ ሰው የሌለሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

«ልጄስ?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም፤ ጥያቄው በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

«ስርጉትስ? ደርሳ መደወል ነበረባት። ስልኬን ስጡኝ፣ ልደውልላት።»

ብርሃኔ ኪሷ ውስጥ ስልኩን ጨብጣ ቆመች። ምንም ቢሆን እንዳትሰጫት ተብላለች። ሻለቃም ለሁሉ የሚሉትን ጀመሩ፤ «አስካለ፣ ቁጭ በይ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እሱ ሲወስድ...» አሉ። እናቴ ከዚህ በላይ አልሰማችም። ወለሉ ላይ ተዘረረች። መኪናው ነው አለች፤ ሀይዌዩ ነው አለች፤ ቀስ በይ ብያት ነበር አለች። እኔ ታች ሆኜ ለአባቴ ነው ያልኩት ጩኸት ለእኔ ነበር።

ሻለቃ ዓይናቸው ፈጦ ቀረ። ደረቷን ስትደልቅ እጇን ለመያዝ እየታገሉ፣ የወጉን ንግግር ትተው በአንድ ትንፋሽ አወጡት።

«ልጅሽ አይደለችም። ልጅሽ ደህና ናት። ግዛቸው ነው። የሞተው ግዛቸው ነው።»

«ስርጉት አይደለችም?»

«አይደለችም። ግዛቸው ነው።»

«ተመስገን» አለች እናቴ። «ተመስገን፣ ተመስገን ጌታዬ።»

መጋረጃው የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። እናቴ ተንበርክካ ወለሉን ትስማለች፤ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ትስቃለች። ሌሎቹ እንደቆሙ ደርቀዋል። አየችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችኝ፤ ትከሻዬን፣ ክንዴን። «አለሽ? አለሽ?» አለችኝ። አለሁ አልኳት። ደግማ ተመስገን አለች።

ከዚያ እጇ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ ሻለቃ ዞረች።

«ማን ነው ያሉኝ?»

«ግዛቸው» አሉ ሻለቃ።

ሳቁ ከፊቷ ላይ ሲሄድ አየሁት። ልታለቅስ ሞከረች። አፏ ተከፈተ፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ምንም አልወጣም። ያላትን ሁሉ ለእኔ አውጥታዋለች። ነጠላዋን አወረደችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ተመስገን አልኩበት» አለች። «ባልሽ ሞተ ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

ብርሃኔ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሻለቃ መጋረጃው አጠገብ ቆመው ነበር።

«ይህንን አላሰብኩም» አሉ።

ቀድሞ የሰማኋት ቃል ናት፤ ያኔ ሳህን ተገልብጦ ነበር።

ትኬቱን ካንስል አደረግኩት። እናቴ አልሞተችብኝም፤ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ለቅሶው ተቀምጦ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ አባቴን የማያውቁ ሴቶች አለቀሱ። አቶ አባተ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በጥቁር ልብሷ መሐል ላይ ተቀምጣ ያላለቀሰች እሷ ብቻ ናት። «ደንግጣ ነው፣ ይመጣላታል» አሉ። አልመጣላትም።

በሦስተኛው ቀን ሻለቃ መጡ። ሰው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። አጠገቧ ተቀመጡና ስለ ደሴቷ ነገሯት፤ ስለ ሜዳው፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ባሕሩ። አንዳች አልደበቁም፤ ይህንን ልመሰክርላቸው ይገባል። እናቴ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ትሰድባቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትሰድባቸውም ፈልጌ ነበር።

«ሻለቃ፣ ይህንን መቼ ነው ያወቁት?» አለቻቸው።

«ያኔውኑ።»

ራሷን ነቀነቀች። የቀረበላቸውን ውሃ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ።

«ያኔ ነግረውኝ ቢሆን» አለች፣ «አለቅስለት ነበር።»